«ድራይቨሩ ነው» እና ሌሎች የሞተር ጂፒኤስ ተረቶች

ጂፒኤሱ ቢዘገይ «ድራይቨሩ ነው»። ካርታው ቢያረጅ «ድራይቨሩ ነው»። ገደል አፋፍ ላይ አቁሞ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ቢል እንኳ «ድራይቨሩ ነው»። ሥራዬ የሞተር ሳይክል ጂፒኤስ ማደስና መጠገን ነው። ይህቺን ቃል ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ሰው በጅምላ «አፕዴት» የሚለው ነገር ሦስት ነው። ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ኮምፒውተሩና ጂፒኤሱ በገመድ ሲገናኙ ያግባባቸዋል፣ በቃ። ገመዱን ነቅላችሁ ሞተር ላይ ስትወጡ ድራይቨሩ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። ፈርምዌር የጂፒኤሱ የራሱ ሶፍትዌር ነው፤ ስክሪኑንም፣ ብሉቱዙንም፣ የሳተላይት መቀበያውንም የሚያዘው እሱ ነው። ካርታ ደግሞ ትልቅ ፋይል ነው፣ ለብቻው ይታደሳል። ስለዚህ አምና የተሠራውን አደባባይ የማያውቅ ጂፒኤስ ይዛችሁ «ድራይቨር ጫንልኝ» ስትሉኝ ፊቴ ቢቀያየር አትፍረዱብኝ።

«ኮምፒውተሩ ካላየው ድራይቨር ማውረድ ነው»

ደሜን የምታፈላው ይህቺ ናት።

የድሮዎቹ ጂፒኤሶች እውነትም የራሳቸው ድራይቨር ይፈልጉ ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ እንደ ፍላሽ ነው የሚታዩት። ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም አለ። አዲሶቹ፣ ለምሳሌ የጋርሚን ዙሞ ኤክስቲ፣ ኤምቲፒ በሚባለው ዘዴ ይገናኛሉ፤ የአንድሮይድ ስልክ እንደሚገናኘው ማለት ነው። ይህንንም ዊንዶውስ ያውቀዋል። ማክ ግን ኤምቲፒን በራሱ አያነብም። ስለዚህ ጂፒኤሱ እንደ ፍላሽ ብቅ ካላለ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የአምራቹን ፕሮግራም፣ ጋርሚን ኤክስፕረስን፣ ክፈቱና እዚያ ፈልጉት።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን አያየውም? ከኬብሉ ነው። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ከኬብሉ ነው።

ተራ የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ሁለቱ ዳታ። ከርካሽ ዕቃ ጋር የሚመጡ ብዙ የቻርጅ ኬብሎች ግን ሁለቱ የዳታ ሽቦዎች ጭራሽ የሏቸውም። ጂፒኤሱ ሲሰካ የባትሪዋ ምልክት ትበራለች። ባለቤቱም «ኬብሉማ ይሠራል፣ ቻርጅ ያደርጋል እኮ!» ይለኛል። ቻርጅ ማድረግ ሌላ፣ ዳታ ማስተላለፍ ሌላ።

ለመኪናና ለሞተር ተብሎ የተሠራ የቻርጅ ኬብልማ የባሰ ነው። ሚኒ ዩኤስቢ ባላቸው ብዙ የጋርሚን ዕቃዎች ላይ፣ በእንዲህ ያለው ኬብል ሶኬት ውስጥ፣ በዳታ ኬብል ሥራ የሌላት አንዲት እግር ተገናኝታለች። ጂፒኤሱ ያቺን እግር ሲያገኝ መንገድ ላይ እንዳለ ያምናል። ካርታውን ከፍቶ ቁጭ ይላል እንጂ ከኮምፒውተር ጋር ወሬ አይጀምርም። የፈለጋችሁትን ድራይቨር ጫኑ፣ አይሰማችሁም።

አንዱ ደንበኛ ላፕቶፑን ጭምር ይዞ መጣ። «ድራይቨር በነጻ እናድሳለን» የሚል ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርዷል። ፕሮግራሙ ደርዘን «ያረጁ» ድራይቨሮች አገኘሁ ብሎ፣ ሁሉንም በራሱ ምርጫ ቀይሮለታል። የላፕቶፑ የጣት ሰሌዳ (ተችፓዱ) መሥራት አቁሟል። ብራውዘሩ ሲከፈት የማያውቀው ገጽ ይመጣል። በየደቂቃው «ሙሉውን ግዛ» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ጂፒኤሱ? አሁንም አይታይም። ከመሳቢያዬ ኬብል አውጥቼ ሰካሁለት። ካርታው ከስክሪኑ ጠፋና የኮምፒውተር ሥዕል ወጣ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ።

ይሄ ብቻ ነው። ጂፒኤሱን ለማገናኘት የፈጀብኝ አንድ ኬብል ነው፤ ላፕቶፑን ለማጽዳት ግን ከሰዓት በኋላዬ ሙሉ አለቀ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ። መጀመሪያ ስክሪኑን እዩ። ጋርሚን በዳታ ሲገናኝ የኮምፒውተር ሥዕል ያወጣል። ካርታው እንዳለ ከሆነ ቻርጅ እየተደረገ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ያኔ ኬብል ቀይሩ። ስልክ ላይ ፎቶ ያስተላለፋችሁበት ኬብል ካላችሁና ሶኬቱ ከገጠመ እሱን ሞክሩ፤ ዳታ እንደሚያሳልፍ በእጃችሁ አረጋግጣችኋል። ቀጥሎ ከማከፋፈያ ሃብ ላይ ንቀሉና ራሱ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ ለአንድ ዕቃ እስከ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፤ የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ሃብ ይህችኑ ለሁሉም ይሸነሽናታል። ከዚያ የጂፒኤሱን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ሞተር ላይ የሚኖር ዕቃ ነውና አቧራና ዝናብ ያገኘዋል። እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ዝገት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሳካ፣ አሁን ስለ ድራይቨር እናውራ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ዝርዝር፣ ክፈቱና ጂፒኤሱን ሰኩ። ዝርዝሩ ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ የመሰካት ድምፅም ካልተሰማ፣ ወደ ኬብሉና ወደ ቀዳዳው ተመለሱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ነገር ብቅ ካለ ግን እሺ፣ የዛሬው ችግር እውነትም ድራይቨር ነው። እሱንም ቢሆን ከሌላ ሰፈር አታውርዱ። ቢጫውን በቀኝ ክሊክ «አንኢንስቶል» ብላችሁ አጥፉት፣ ጂፒኤሱን ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ዊንዶውስ ራሱ ይጭነዋል። ካልሆነ የአምራቹን ፕሮግራም ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ለጋርሚን ጋርሚን ኤክስፕረስ፣ ለቶምቶም ማይድራይቭ ኮኔክት። የሚያስፈልገው ድራይቨር አብሮ ይመጣል። እንደ ቶምቶም ራይደር 550 ያለው ደግሞ በዋይፋይ ስለሚታደስ ኮምፒውተሩንም ድራይቨሩንም ከነጭራሹ ላትፈልጓቸው ትችላላችሁ።

«ካርታው ከሳተላይት ነው የሚወርደው»

አይደለም። ሳተላይቱ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የሚልከው ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ነው፣ ያውም በሰከንድ 50 ቢት። በዚህ ፍጥነት 4 ጊጋባይት ካርታ ይውረድ ቢባል 20 ዓመት ይፈጃል።

«ለጂፒኤስ ወርሃዊ ክፍያ አለ»

የሳተላይቱን ምልክት ለመቀበል የለም። የትራፊክ መረጃ ሌላ ጉዳይ ነው።

«የሚሠራ ዕቃ አይነካም»

ይህቺ ግማሽ እውነት አላት። ነገ ረጅም ጉዞ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ፈርምዌር አይጭንም። ቀደም ብሎ ይጫን፣ በአጭር መንገድ ይሞከር። ግን ለዘላለም አለመንካትም ዋጋ ያስከፍላል። የጂፒኤስ ሥርዓት ሳምንቶችን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 6 ቀን 1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው። ቆጣሪው 10 ቢት ብቻ ስለሆነ 1,024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በኦገስት 1999 አንድ ጊዜ ዞረ፣ በኤፕሪል 2019 ደገመ። ያልታደሱ አንዳንድ አሮጌ ጂፒኤሶች በአንድ ሌሊት ቀናቸው ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ የመድረሻ ሰዓቱም፣ የጉዞ መዝገቡም አብሮ ይበላሻል። መድኃኒቱ ፈርምዌር ነው። ቀጣዩ ዙር በኖቬምበር 2038 ነው፤ ጂፒኤሳችሁ እስከዚያ ከቆየ አስቡበት።

«አፕዴቱ ገደለው»

አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ባለቤቱ ነው፣ ይቅርታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋርሚን ላይ ኮምፒውተሩ «ጨርሻለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የጨረሰው ፋይሉን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጂፒኤሱ ፈርምዌሩን መጫን የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ከተነቀለ በኋላ ነው። ስክሪኑ ይጠቁራል። አንዲት መስመር ቀስ እያለች ትሞላለች። ደግሞ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ሰው በዚህ መሐል ይደነግጥና የማጥፊያውን ቁልፍ ጨቁኖ ይይዛል። አርማው ላይ ቆሞ የቀረ ጂፒኤስ ተይዞ ሲመጣልኝ ታሪኩን ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ገዳይ ባትሪው ነው። በፀሐይና በንዝረት የኖረ ባትሪ ሙሉ ነኝ እያለ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ እንደነቀላችሁ ግድግዳ ላይ ባለ ቻርጀር ሰኩት። ሞተሩ ላይ ሰክታችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ስታርተሩ ሲጎትት የባትሪው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ለጂፒኤሱ የሚሄደው ኃይልም ለቅጽበት ሊቋረጥ ይችላል። ከኮምፒውተር ስትነቅሉም «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉ፤ ኮምፒውተሩ ጽፌዋለሁ ያለውን ሁሉ ገና ላይጽፍ ይችላል።

«የዕድሜ ልክ ካርታ ስለገዛሁ እስክሞት ይታደሳል»

ዕድሜው የእናንተ አይደለም፣ የዕቃው ነው። አምራቹ ያንን ሞዴል መደገፍ ሲያቆም ዕድሜው አለቀ። ወደ አዲሱ ጂፒኤሳችሁም አይሻገርም።

«ቦታ የለም ካለ አዲስ መግዛት ነው»

ሜሞሪ ካርድ ይገባበታል እኮ! ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ካርዱን ፋት32 በሚባለው ፎርማት አዘጋጁት፤ ኤክስፋት የሆነውን ብዙ አሮጌ ዕቃዎች አያነቡትም። 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ካርድ ጣጣ አያበዛም። ሙሉ አህጉር መጫንም ግዴታ አይደለም። የምትነዱበትን ክፍል ብቻ ምረጡ።

«ካርታ ሳድስ መንገዶቼን ቀየረብኝ»

ይህኛው ቅሬታ እንኳ መሠረት አለው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሠራችሁት ሩት ማለት የነጥቦች ዝርዝር ነው። በነጥቦቹ መካከል የትኛውን መንገድ እንደሚይዝ የሚያሰላው ጂፒኤሱ ነው፣ በያዘው ካርታ። ካርታው ሲቀየር ስሌቱም ይቀየራል። በተራራው ጠመዝማዛ ልትነዱ ያሰባችሁትን በሸለቆው አውራ ጎዳና ይወስዳችኋል። መፍትሔው ኮምፒውተሩና ጂፒኤሱ ላይ አንድ ዓይነት የካርታ እትም መያዝ ነው። የምትሳሱለት መንገድ ላይ ደግሞ ነጥብ አብዙ፤ በየመገንጠያው ሳይሆን ከመገንጠያው አለፍ ብሎ፣ ልትነዱበት የፈለጋችሁት መንገድ ላይ አንድ ጣሉ። ትራክ ግን አይቀየርም። የተሄደበትን መስመር እንዳለ የሚይዝ ስለሆነ ከሩቱ ጎን ትራኩንም አስቀምጡ።

ከምንም አፕዴት በፊት ጂፒኤክስ የሚለውን ፎልደር ኮምፒውተራችሁ ላይ ቅዱ። የቆጠባችኋቸው ቦታዎች፣ ሩቶችና ትራኮች ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ናቸው።

«ከአፕዴቱ በኋላ የሄልሜቴ ድምፅ ጠፋ፣ ስፒከሩ ተቃጠለ»

አልተቃጠለም። ጂፒኤሱን ከሄልሜቱ የብሉቱዝ ዝርዝር፣ ሄልሜቱንም ከጂፒኤሱ ዝርዝር አጥፉና እንደ አዲስ አገናኟቸው። አንዱን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። የሄልሜቱ ብሉቱዝም የራሱ ፈርምዌር አለው፣ በራሱ አምራች ፕሮግራም ነው የሚታደሰው። እሱም ድራይቨር አይደለም።