ፎርማ ምንድን ነው?

የመጀመሪያ መጽሐፌን ጽፌ ስጨርስ ከጅማ ተነስቼ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሄድኩና አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ሰውዬው ስለ ታሪኩ ምንም አልጠየቀኝም። «ስንት ፎርማ ነው?» አለኝ። «164 ገጽ ነው» አልኩት። ካልኩሌተሩን ነካ ነካ አደረገና «አስር ከሩብ» አለ። ምን እንደተባልኩ ሳይገባኝ ቀብድ ከፈልኩ።

በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ደራሲ ይህችን ቃል ቀድሞ ቢያውቃት ብዙ ነገር ይድንለታል።

ፎርማ ማለት በአንድ ትልቅ ወረቀት ፊትና ጀርባ ላይ አብረው የሚታተሙ ገጾች ናቸው። በተለመደው የልብ ወለድ መጠን አንድ ፎርማ 16 ገጽ ይይዛል። በፊቱ 8፣ በጀርባው 8።

በእጃችሁ ሞክሩት። አንድ ወረቀት ውሰዱና ለሁለት እጠፉት። አዙራችሁ ድገሙት። አሁንም አዙራችሁ ለሦስተኛ ጊዜ እጠፉት። የመጨረሻው እጥፋት የመጽሐፉ ጀርባ፣ ማለትም የሚሰፋበት ጠርዝ፣ ይሁን። ሳትቀድዱት፣ ጫፍ ጫፉን ገለጥ እያደረጋችሁ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ጻፉበት። አሁን ዘርጉት። 1 ከ16 ጋር ተጣምሯል፣ 4 ከ13፣ 5 ከ12፣ 8 ከ9። ግማሾቹ ተዘቅዝቀዋል። ጥንዶቹን ደምሯቸው፤ ሁሉም 17 ይመጣሉ። ሲታጠፍ ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ልቤ በደስታ ዘለለ። እስከ ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ወረቀት አጥፌ ነው የማሳየው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ከመሃል እያጠፉ አራት አራት ወይም አምስት አምስት ይደራርቡታል። የተደራረበው አንዱ ክፍል ጥራዝ ይባላል። ጥራዝ በጥራዝ ላይ ተሰፍቶ መጽሐፍ ይሆናል። አራቱ ሲታጠፉ 8 ቅጠል ይወጣቸዋል፣ ማለትም 16 ገጽ። ልክ እንደ ፎርማው። «ጥራዝ ነጠቅ» ስንልም ከዚህ ከዚያ ለቃቅሞ የተማረን ሰው ነው። እኔ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ከሙሉው መጽሐፍ አንዷን ጥራዝ መንጭቆ የሚሮጥ ሰው ይታየኛል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ማተሚያ ቤት የሚያሰላው በፎርማ ነው። ለእያንዳንዱ ፎርማ ፕሌት፣ ማለትም ገጾቹ የሚቀረጹበት ስስ የብረት ሰሌዳ፣ ይሠራል፤ ለፊቱ አንድ፣ ለጀርባው አንድ። 500 ኮፒ አሳተማችሁ 3000፣ የፕሌቱ ወጪ ያው ነው። ትንሽ ስታሳትሙ አንዱ ኮፒ የሚወደደው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ደግሞ በኮፒው ልክ ይጨምራል። አንድ ፎርማ ለ1000 ኮፒ 1000 ትልልቅ ወረቀት ይበላል። አስር ፎርማ ከሆነ 10,000፣ ማለትም 20 ደስታ ወረቀት (አንዱ ደስታ 500 ነው)። ሲታተም የሚበላሸው ሳይቆጠር ነው ይሄ። ሽፋኑ ለብቻው በወፍራም ወረቀት ስለሚታተም ሂሳቡም ለብቻው ነው።

የእኔ ጣጣ ያቺ «ሩብ» ነበረች። አራት ገጽ ብቻዋን ፕሌት፣ ማተምና ማጠፍ ትጠይቃለች። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ቆሜ አራት ገጽ ቆረጥኩ። የቆረጥኩት ስለ እናቴ ቡና ለቀማ የጻፍኩትን ነው። ቸኩዬ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ጽሑፉ ተስተካክሎ ገጹ ሲታወቅ ለ16 አካፍለዋለሁ። ትንሽ ከተረፈ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ እያነበብኩ የደገምኩትን እቀንሳለሁ። ቀንሼ ካልሆነልኝ ግማሽ ፎርማ፣ 8 ገጽ፣ አስጨምራለሁ። ፊደል አሳንሶ ማስገባትን ግን አልመክርም። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው። እሷ ካልታየች አንባቢው ዓይኑን እያሸ ነው የሚያነበው።

ሃምሳ መቶ ኮፒ ብቻ የሚፈልግ ሰው በዲጂታል ማሽን ማሳተም ይችላል። እዚያ ፕሌት የለም፤ ፎርማም ያን ያህል አያስጨንቅም።

መጽሐፉ ጅማ ከደረሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ከ80 ቀጥሎ 97 ነው እንዴ የሚመጣው?» አሉኝ። ክው አልኩ። ስድስተኛው ፎርማ፣ ከ81 እስከ 96 ያለው፣ ጨርሶ አልገባም። የታጠፉ ፎርማዎች በየተራ ተከምረው ከየክምሩ አንድ አንድ እየተነሳ ነው የሚሰበሰበው። ሰብሳቢው አንዱን ክምር ዘሎታል። ለዚህ ሲባል በየፎርማው የጀርባ እጥፋት ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት የሚያትሙ አሉ። ሲደረደር ምልክቱ እንደ ደረጃ ይወርዳል። አንዱ ከጎደለ ደረጃው ይሰበራል፤ ሽፋኑ ሳይለጠፍ በዓይን ይያዛል። አሁን ሥራ ስሰጥ ይህን ምልክት አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ሄርማታ ገበያ አጠገብ ተገናኘንና ሙሉውን ኮፒ ይዤላቸው ሄድኩ። «ይቅርታ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጎደሎውን ኮፒ ለመመለስ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ብዙ ጽፈውበታል። «እስከ 80 ያለው የኔ ነው፣ አልሰጥህም» አሉና ሁለቱንም ብብታቸው ስር አድርገው ሄዱ።