«ሦስት ቀን ያላዩት ሳኩራ»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ጃፓኖች አንድ ነገር ፊታቸውን መለስ እስኪያደርጉ ድረስ ተለዋውጦ ሲያገኙት «ሚካ ሚኑ ማ ኖ ሳኩራ» ይላሉ፤ ሦስት ቀን ያላዩት ሳኩራ ማለት ነው። ሳኩራ የቼሪ አበባ ነው። የእኛው «የጠዋት ጤዛ» ይቀርበዋል፤ ጤዛ ግን የሚነግረን መጥፋትን ብቻ ነው። የጃፓኑ አባባል ሲወለድ የተናገረው ስለ መፈንዳት እንጂ ስለ መርገፍ አልነበረም።

ምንጩ ኦሺማ ርዮታ (1718–1787 እ.ኤ.አ.) የጻፈው ሃይኩ ነው፦ «ዮ ኖ ናካ ዋ፣ ሚካ ሚኑ ማ ኒ፣ ሳኩራ ካና»። ሦስት ቀን ሳያየው ቆይቶ ብቅ ቢል፣ ዓለሙ ሁሉ ሳኩራ ሆኖ ጠበቀው። ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ኒ» የነበረችው «ኖ» ሆነች፤ ያን ጊዜ ዓለም ራሷ ሦስት ቀን እንዳላዩት ሳኩራ ሆና ቀረች፣ ዞር ሲሉ የምትረግፍ። የግርምት ቃል በአንዲት ፊደል የሐዘን ቃል ሆነ።

ዛሬ በየከተማው የሚታየው ዛፍ በብዛት ሶሜይ ዮሺኖ ይባላል። የሚራባው በዘር ሳይሆን ቅርንጫፉ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ስለሆነ፣ ሁሉም የአንድ ዛፍ ግልባጭ ነው። በአንድ አካባቢ አብሮ ፈንድቶ አብሮ የሚረግፈውም ለዚህ ነው። ዝርያው የተስፋፋው ከርዮታ በኋላ ነው፤ አባባሉ ከገጣሚው ዘመን ይልቅ ለዛሬው ዛፍ የሚገጥም ይመስላል።

የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በየከተማው ናሙና የሚሆን ዛፍ መርጠው ይቆጥራሉ። የቶኪዮው ያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው። 5 ወይም 6 አበባ ሲከፈት «ካይካ» (ጅማሬ) ይታወጃል፤ ከእንቡጡ 80 በመቶ ያህሉ ሲፈነዳ ደግሞ «ማንካይ» (ሙላት)። በቶኪዮ የጅማሬው አማካይ ቀን ማርች 24 (መጋቢት 15)፣ የሙላቱ ማርች 31 ነው። ሙቀት ከጨመረ ይህ ክፍተት ያጥራል፤ ብርድ ከተመለሰ ይረዝማል፣ ለብርዱም «ሃናቢዬ» የሚል ስም አላቸው። ከሙላቱ በኋላ አበባው ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ዝናብና ነፋስ ከመጣ ግን በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው ቀኑን ከወራት በፊት ቆርጦ አንድ ከተማ ላይ ስለሚጣበቅ ነው። ከተማውን ከመቀየር ከፍታውን ወይም ዝርያውን መቀየር ይቀላል። ናራ ውስጥ ያለው የዮሺኖ ተራራ 30,000 ያህል ዛፍ አለው፤ አብዛኛው የዱር ሳኩራ ነው። አበባው ከታችኛው ሺሞ ሰንቦን ተነስቶ በናካና በካሚ በኩል እስከ ኦኩ ሰንቦን ሽቅብ ይወጣል፤ ታች ረግፎ ቢያገኙት ከላይ ገና ነው። ኪዮቶ ዘግይተው ለደረሱ የኒናጂ ቤተ መቅደስ አጫጭር ዛፎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ ነው የሚያብቡት። ቶኪዮ ውስጥ የሺንጁኩ ግዮኤን መናፈሻ ቀደም የሚሉም የሚዘገዩም ዝርያዎች ስላሉት የማለፍ ዕድሉ ትንሽ ነው፤ አልኮል ይዞ መግባት ግን ክልክል ነው። መጠጥና ምንጣፍ ይዞ ለመቀመጥ ኡኤኖ ፓርክ ይሻላል። ይህም ሁሉ ካመለጠ ወደ ሰሜን ነው፦ አኦሞሪ በአማካይ ኤፕሪል 22፣ ሳፖሮ ሜይ 1 ይጀምራሉ። ሂሮሳኪ ቤተ መንግሥትማ ሲረግፍም ይታያል፤ የረገፉት የአበባ ቅጠሎች የዙሪያውን ቦይ ውሃ ይሸፍኑታል፣ «ሃና ኢካዳ»፣ የአበባ ታንኳ ይሉታል።

ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ጃፓን ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም። በ1912 እ.ኤ.አ. ከቶኪዮ የመጡት 3,000 ያህል ዛፎች ዘር ዛሬም ታይዳል ቤዚን በተባለው ኩሬ ዙሪያ አለ። እዚያ ሙላት የሚባለው 70 በመቶ ሲፈነዳ ነው። የሚያስፈራው ውርጭ ነው፦ እንቡጡ ካበጠ በኋላ ከመጣ ሳይከፈት ያቃጥለዋል፤ በማርች 2017 ግማሽ ያህሉ አበባ የጠፋው እንዲህ ነበር።