ዕቃቃና ሌሎች በቤት ዕቃ የሚሠሩ የሕፃናት መማሪያ ጨዋታዎች በኢትዮጵያ

አብዛኛው የኢትዮጵያ ልጅ መቁጠርን፣ መለየትንና መናገርን የሚጀምረው ቤት ውስጥ፣ እጁ በገባው ዕቃ ነው። ቆርኪ፣ ጣሳ፣ ሰፌድ፣ ሲኒ፣ ጥራጥሬ፣ ሊጥ፣ ያረጀ ካልሲ፤ መማሪያው ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ዕቃቃ ነው። ጭቃው ወጥ ይሆናል፣ ቅጠሉ ጎመን፣ ቆርኪው ድስት። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት ይሆናሉ፤ ትንሹ ልጅ ሁልጊዜ ሕፃን ነው። ለሚያልፍ ሰው ጫጫታ ነው። ቁጭ ብሎ ለሰማ ግን ሌላ ነው። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ቀድመሽ ብዪ» የምትል የአራት ዓመት ልጅ ተራን፣ ወግንና የሰው ስሜትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አዋቅራለች። ለቋንቋ ዕድገት ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ማግኘት ይከብዳል።

ቡና ሲፈላ ደግሞ ሒሳብ አለ። «ስንት ሰው አለ? ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሲኒ አስቀምጪ።» አምስት ሲኒ ይዛ አራት ሰው ካገኘች «አንዱ ተረፈ» ትላለች። መቀነስ ማለት ይሄው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ራሱ ቅደም ተከተል ያስተምራል። ጀበናውና ከሰሉ ግን ከልጅ ይራቅ።

ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ሰፌድ ላይ ተቀላቅለው ሲለዩ ዓይንም ጣትም ይሠራል። ምስሩን በሁለት ጣት መያዝ እርሳስ ለመያዝ ያዘጋጃል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ጥራጥሬ አይሰጥም፤ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ያንቃልም። ለእነሱ ክዳኑ የጠበቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ሽምብራ ከትቶ ማንኳኳት ይበቃል። በረኪና የተያዘበት ጠርሙስ ታጥቦም ቢሆን አይሆንም።

ፊደል ለማስተማር ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሶ በጣት «ሀ» ማስጻፍ ይቻላል። ሲሳሳት ትሪውን መነቅነቅ ነው፤ ስህተቱ ይጠፋል፣ ልጁም አያፍርም። ሠላሳ እንቁላል ከሚይዘው ካርቶን ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ቢቆረጥ ገበጣ ይወጣዋል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ገበጣ በአክሱም ዘመን ነበር የሚሉ አሉ፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጉድጓዶች ዕድሜ ግን አከራካሪ ነው። ለትንንሾቹ ጉድጓዱ ውስጥ ጠጠር መጨመርና ማውጣት ብቻውን በቂ ነው።

በታሪክ በኩል፣ ለረጅም ዘመን የፊደል ትምህርት የቄስ ትምህርት ቤት ሥራ ነበር። የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ለባቡር ሠራተኞች ልጆች እንደተከፈተ ይነገራል። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ትምህርት፣ ጤና እና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች አሉት፤ ከእነሱም አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። ቤት የመጀመሪያው መማሪያ መሆኑ በመንግሥት ሰነድ እንዲህ ቦታ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚሰጠው የዜሮ ክፍል ተስፋፋ። የልጅ ለልጅ መርሐ ግብርም መጣ፤ በዚህ ትልልቅ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ትንንሾች እያጫወቱ ለትምህርት ያዘጋጃሉ። ይህ ደግሞ ታላቅ እህት ድሮም ስታደርገው የነበረ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉም ብዙ ወላጅ ወደ ሰፌዱና ወደ ቆርኪው ተመልሷል።

ፊደል መቼ ይጀመር በሚለው ላይ አስተያየት ይለያያል። በከተማ ብዙ ወላጅ ልጁ በሦስት ዓመቱ እንዲጽፍ ይጓጓል። ጣቱ ያልጠነከረን ልጅ ደብተር ላይ ማስጎንበስ ግን ትክክል አይደለም። ሊጥ እያድቦለቦለ፣ እንደ እባብ እያስረዘመ፣ ከዚያም አጥፎ «ሀ» ሲያደርገው ፊደሉን በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል።