የልጆች ትግል የግል ስፖርት ነው ወይስ የቡድን?

እዚህ ጎንደር ልጃቸውን ትግል ሊያስጀምሩ ያሰቡ ወላጆች ይህን ደጋግመው ስለጠየቁ ልመልሰው። ግጥሚያው የግል ነው። ምንጣፉ ላይ የሚገቡት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ቅያሪ የለም፣ ኳስ የሚያቀብል ጓደኛ የለም። በኦሊምፒክም ሜዳሊያው የግል ብቻ ነው።

ግራ የሚያጋባው የቡድን ነጥብ ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እንይ። ሁለት ቡድኖች ሲገጥሙ በየክብደቱ አንድ አንድ ልጅ ያሰልፋሉ፣ የሁሉም ውጤት ይደመራል። የተጋጣሚውን ሁለት ትከሻ ምንጣፍ ያስነካ ልጅ ለቡድኑ 6 ነጥብ ያመጣል፤ በጠባብ ልዩነት ያሸነፈ ግን 3 ብቻ። እንግዲህ አስቡት፣ ልጃችሁ በጠባብ ልዩነት እየተመራ ነው፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ግን በጭንቅላቱና በእግሮቹ ተደግፎ ትከሻውን ከምንጣፉ አንስቶ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ቆየ። ተሸነፈ፤ ለቡድኑ ግን 3 ነጥብ አዳነ። እንዲህ ያለውን ልጅ መቆጣት በጣም ያሳዝነኛል። በአንድ ክብደት ሰው ከጠፋ ደግሞ 6ቱም ለተጋጣሚ ነው።

ቁጥሩ በየአገሩና በየውድድሩ ይለያያል፤ የቡድን ነጥብ ጭራሽ የማይያዝባቸውም አሉ። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አሰልጣኙን ጠይቁ።