ስክሪን ሪከርዲንግ ለቋንቋ መምህር፦ ምንድን ነው? ምንስ ይጠቅማል?

ስክሪን ሪከርዲንግ ማለት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ የሚታየውን ነገር ከነድምፃችሁ በቪዲዮ መቅዳት ነው። ካሜራ አያስፈልግም። ማውሱ ሲንቀሳቀስ፣ ፊደል ሲጻፍና ሲጠፋ፣ ገጹ ወደ ታች ሲወርድ፣ እናንተም ከላዩ ላይ ስታወሩ ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። ጌም የሚጫወቱና ሶፍትዌር የሚያስተምሩ ሰዎች ድሮም ይጠቀሙበታል። የቋንቋ መምህር ግን ምን ያደርግለታል?

ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መልስ ስላይድ ከፍቶ ሰዋስው እያስረዱ መቅዳት ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ከአጠቃቀሞቹ ሁሉ ደካማው ይሄ ይመስለኛል። የኃላፊ ጊዜ ግሥ እንዴት እንደሚረባ የሚያስረዳ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ብዙዎቹም እኛ በትርፍ ሰዓታችን ከምንሠራው ይሻላሉ። የትም ፈልጋችሁ የማታገኙት ቪዲዮ ግን አለ፦ የእናንተ ተማሪ የጻፈችው ድርሰት ላይ የሚሰጥ አስተያየት። እሱን ከእናንተ በቀር ማንም አይሠራላትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተማሪዋ ጽሑፏን ትልካለች። እናንተ መጀመሪያ ምንም ሳትቀዱ ታነባላችሁ፣ ልትናገሩባቸው የምትፈልጉትን ቦታዎች ቀለም ትቀባላችሁ። ከዚያ ሪከርድ ተጭናችሁ፣ ማውሱን ቀለም የነካው ቦታ ላይ እያሳረፋችሁ፣ ተማሪዋ አጠገባችሁ የተቀመጠች ያህል ታወራላችሁ። ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል። ቪዲዮውን ወይም ሊንኩን ትልኩላታላችሁ፣ አለቀ።

ይህን ዘዴ በቋንቋ መምህራን ዘንድ በሰፊው ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የመምህራን አሠልጣኝ ራስል ስታናርድ ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ካምታዥያ በሚባለው ሶፍትዌር የተማሪዎችን ጽሑፍ እያረመ፣ እርማቱን በቪዲዮ ይልክላቸው ነበር። ያኔ ሶፍትዌሩ የሚገዛ ነበር፣ ቪዲዮ መላክም ራስ ምታት ነበር። አሁን መቅጃው ስልኩ ውስጥ ተገጥሞ ይመጣል።

በቀይ እስክሪብቶ ከማረም በምን ይለያል? እስክሪብቶው የተሳሳተውን ቦታ ያሳያል እንጂ ለምን እንደተሳሳተ ለመናገር ቦታ የለውም። ኅዳጉ ላይ «የግሥ ጊዜ!» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ተማሪው ግሡን ይቀይራል፣ በሚቀጥለው ድርሰት ያንኑ ይደግመዋል። ስትናገሩ ግን «እዚህ ጋ ምን ለማለት እንደፈለግህ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ከላይ ታሪኩን የጀመርከው ባለፈ ጊዜ ነው፣ እዚህ ስደርስ አሁን እየሆነ ያለ መሰለኝ» ትላላችሁ። ይሄ እርማት ብቻ አይደለም። አንድ አንባቢ ጽሑፉን ሲያነብ ምን እንደተሰማው ማሳየትም ነው። ደግሞም ይህን ሁሉ ከመጻፍ መናገሩ በጣም ይፈጥናል።

ታዲያ የድምፅ መልእክት ብቻ ለምን አይበቃም የሚል አይጠፋም። አንዳንዴ ይበቃል። ግን እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ዘ» (the) የምትለዋን መስተአምር የት እንደሚያስገባ ማስረዳት ፈለጋችሁ እንበል። ምክንያቱ ያለው እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይሆን ሁለት አንቀጽ ወደ ላይ፣ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰበት ቦታ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ከሆነ ገጹን ወደ ላይ ትጎትታላችሁ፣ «ይኸው፣ እዚህ አስተዋውቀኸኝ ነበር» ትላላችሁ፣ ተመልሳችሁ ትወርዳላችሁ። በድምፅ ብቻ ይህን ማስረዳት ቀርቶ ቦታውን መጠቆም እንኳ ያደክማል።

አማርኛ ለውጭ ሰው ለሚያስተምር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ መዋኘት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛ ነው። ተማሪው በትክክል ጽፎት ሲያነበው ግን ሊሳሳት ይችላል፤ በጽሑፍ አስተያየት ይህን ለማስረዳት መከራ ነው። ማውሱን ቃሉ ላይ አቁማችሁ ሁለቱንም አሰሙት፣ በቃ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ ነው። ቪዲዮውን በምታስተምሩት ቋንቋ ከተናገራችሁ አስተያየቱ ራሱ የማዳመጥ ልምምድ ይሆናል። ያውም ተማሪው በግድ የሚሰማው ሳይሆን ስለ ራሱ ጽሑፍ ስለሆነ ጆሮውን ሰጥቶ የሚሰማው፣ ያልገባውን ቦታ መለስ አድርጎ ደግሞ የሚያዳምጠው። ለጀማሪ ግን አትጨክኑ፣ አፍ በፈታበት ቋንቋ ቀላቅሉለት።

ወጥመዱ ምንድን ነው? መናገር ስለሚቀል ሁሉንም ስህተት ማንሳት ያምራል። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ እርማት ማንም አይጨርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢዴክስ በሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ኮርሶች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ተማሪዎች አጫጭር፣ በተለይ ከ6 ደቂቃ በታች የሆኑ ቪዲዮዎችን በተሻለ ትኩረት እንደሚከታተሉ አሳይቷል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ምረጡ፣ የቀረውን እለፉት። መጀመሪያ ስለ ሐሳቡ ተናገሩ፣ ሰዋስው ከዚያ ይመጣል። መልሱንም አትስጡ። ችግሩን አሳዩና ተማሪው ራሱ አስተካክሎ ይላክ፣ አለበለዚያ ቪዲዮው እናንተ ድርሰት ስትጽፉ የሚያሳይ ፊልም ይሆናል።

አሁን ካሜራውን እናዙረው። መቅጃውን ለተማሪው ስጡት።

አንድ ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ ስክሪኑን እንዲቀዳ ብታደርጉ ከተጠናቀቀው ጽሑፍ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ነገር ታያላችሁ። የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ? ምን ጽፎ አጠፋ? መዝገበ ቃላት ሲከፍት የመጀመሪያውን ትርጉም ብቻ ወስዶ ሮጠ ወይስ ምሳሌዎቹን አነበበ? አንዳንዱ ያጠፋው ዓረፍተ ነገር በቦታው ከተካው ይልቅ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚነግራችሁ ልጁ ሰዋስው ሳይሆን በራስ መተማመን እንደጎደለው ነው፤ በቀይ ቀለም የሚፈታም አይደለም። ስለ ጽሑፍ ሂደት የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፦ ቅጂውን ከጸሐፊው ጋር አብረው እያዩ «እዚህ ጋ ምን እያሰብክ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ።

ለንግግርም ይሆናል። ድምፅ የሌለው አጭር ቪዲዮ ስጧቸውና ከላዩ ላይ ይተርኩበት። ወይም ካርታ ከፍተው ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚወስደውን መንገድ ያስረዱ። እዚህ ላይ ዋናው ጥቅም የሚላከው ቅጂ አይደለም። ተማሪው ራሱን ሰምቶ «ኧረ ይሄማ አይሆንም» ብሎ አጥፍቶ እንደገና የሚቀዳቸው ሙከራዎች ናቸው። ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ዓይናፋር ልጅ እቤቱ ሆኖ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይለዋል፣ ማንም ሳያስገድደው።

መሣሪያውስ? ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮት የሚመጣው ስኒፒንግ ቱል የሚባለው ፕሮግራም ቪዲዮም ይቀዳል። ማክ ላይ ሺፍት፣ ኮማንድና 5ን አንድ ላይ መጫን ነው። አንድሮይድ ከ11ኛው ስሪት (እ.ኤ.አ. 2020)፣ አይፎን ደግሞ ከአይኦኤስ 11 (እ.ኤ.አ. 2017) ጀምሮ መቅጃ አላቸው። አይፎን ላይ ማይኩ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል የመቅጃውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ ማብራታችሁን አረጋግጡ፤ አለዚያ ድምፅ አልባ ቪዲዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ብዙ ነገር መቆጣጠር ለሚፈልግ ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለው የመቅጃ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ለእርማት ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። በቋንቋ ትምህርት ከምስል ድምፅ ይቀድማል፣ ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ ካለ ማይክ ላይ ይዋል። ምስሉ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ጥራቱን ዝቅ ብታደርጉት፣ ፊደሉ እስከተነበበ ድረስ፣ ምንም አይጎዳም፤ ፋይሉም ይቀንሳል።

ከመቅዳታችሁ በፊት ኖቲፊኬሽን አጥፉ። የሌላ ተማሪ ስም ወይም ውጤት የሚታይበት ገጽ ካለ ዝጉ። ተማሪዎች ሲቀዱ ደግሞ መላ ስክሪናቸውን ሳይሆን ለድርሰቱ የሚጠቀሙበትን መስኮት ብቻ እንዲመርጡ ንገሯቸው፣ ቅጂውን ማን እንደሚያየውም አስቀድመው ይወቁ።

የክፍል ብዛት እውነተኛ ችግር ነው። 40 ተማሪ ካላችሁ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ ማለት 160 ደቂቃ ንግግር ነው፣ ንባቡን ሳይጨምር። በየሳምንቱ ይህን የሚችል መምህር የለም። እኔ የምመክረው በየተራ ማድረግን ነው፦ በአንድ ዙር ለተወሰኑት በግል ቅዱላቸው፣ ለቀሩት ብዙዎች የሚሳሳቱትን ሰብስባችሁ፣ የማንም ባልሆነ ራሳችሁ በጻፋችሁት አንቀጽ ላይ እያረማችሁ አንድ የጋራ ቪዲዮ ላኩ። በሚቀጥለው ዙር ተራው የሌሎቹ ይሆናል።