የታጠፈ አንጀት ከተፈታ በኋላ ቀዶ ሕክምና ለምን?

«አንጀቱ ታጥፎ ነበር፤ በቱቦ ተፈታለት» ከተባለ በኋላ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ሲያዝ ብዙ ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ሕመሙ ጠፍቷል፣ ሆዱም ጎድሏል፤ ታዲያ ለምን?

በአገራችን አዋቂዎች ላይ ትልቁ አንጀት ሲታጠፍ በብዛት የሚጠመዘዘው የታችኛው ክፍሉ፣ ሲግሞይድ የሚባለው ነው። ይህ ክፍል ከመጠን በላይ ሲረዝም፣ ከሆድ የጀርባ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው ሽፋን መነሻው ደግሞ ሲጠብ በራሱ ዙሪያ ይዞራል። ሆድ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ሰገራ ቀርቶ ፈስም አይወጣም። እባካችሁ፣ እንዲህ ለሆነ ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡ፤ በፍጥነት ሆስፒታል አድርሱት። ራጅ ብዙ ጊዜ ያሳየዋል፤ ካልለየ ሲቲ ስካን ይታከላል።

አስጊው ነገር ደም ሥሩም አብሮ መጠምዘዙ ነው፤ ደም ያጣ አንጀት ይሞታል። ትኩሳት፣ ፋታ የማይሰጥ ሕመምና ሆድ ሲነካ መደንደን የዚህ ምልክቶች ስለሆኑ ቱቦ ሳይሞከር በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል። እነዚህ ከሌሉ ግን በፊንጢጣ በኩል በሚገባ መሣሪያ ወይም ቱቦ አየሩ ወጥቶ አንጀቱ ይፈታል።

የተፈታው ግን ጥምዝምዙ ብቻ ነው፤ አንጀቱ እንደረዘመ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ላይ ተመልሶ ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ በቱቦ ላይፈታ ይችላል። ሰውነቱ ቀዶ ሕክምናን የሚችል ታካሚ ፈሳሽና ጨው ከተተካለት በኋላ፣ ከሆስፒታል ሳይወጣ ቢሠራለት የሚመረጠው ለዚህ ነው። የረዘመው ክፍል ተቆርጦ ጫፎቹ ይሰፋሉ። አንጀቱ ሞቶ ከተገኘ ወይም ታካሚው በጣም ከደከመ፣ ሰገራ ለጊዜው በሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል።