በሥነ ሕይወት መግቢያ ላይ የሚያደናቅፉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥነ ሕይወትን የሚጀምር ተማሪ የሚፈራው የቃላቱን ብዛት ነው። የበለጠ የሚያስቸግረው ግን ትምህርቱን ሳይጀምር በፊት በራሱ ይዞት የመጣው ግምት ነው። ትርጉሙን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ የድሮው ግምት ግን ሳይነካ ይቀመጥና ቀጣዩን ምዕራፍ ያበላሽበታል። ከታች ያሉት በዚህ ረገድ ብዙ ጉዳት የሚያደርሱ ይመስሉኛል።

"ተክል ምግቡን የሚያገኘው ከአፈር ነው"

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ ነው፤ ማዳበሪያ ሲጨመርለት ይፋፋል። ስለዚህ ግንዱም ቅጠሉም ከአፈር የተሠራ ይመስላል። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ የፍላንደርስ ሐኪም ነገሩን በሚዛን ፈተነው። አድርቆ የመዘነውን አፈር በገንዳ ሞልቶ አንድ የአኻያ ችግኝ ተከለበትና ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ክብደቱ ከ70 ኪሎ በላይ ሲጨምር ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው።

ቫን ሄልሞንት "እንግዲያው ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው" ብሎ ደመደመ። አፈሩን በትክክል ከጨዋታ አስወጣው፤ አየሩን ግን አላሰበውም። ከደረቀ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ያ ካርቦን በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ነው። ተክሉ በብርሃን ኃይል ይህን ጋዝ ከውሃ ከሚያገኘው ሃይድሮጅን ጋር አዋህዶ ስኳር ይሠራል፤ ሂደቱ ብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ይባላል። ከስኳሩም ግንዱን፣ ቅጠሉንና ሥሩን ይገነባል። ትልቅ ዛፍ በአብዛኛው ከአየርና ከውሃ የተሠራ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

አፈሩ ታዲያ ምን ይሠራል? ውሃውንና ማዕድናቱን ይሰጣል። ናይትሮጅን ከሌለ ፕሮቲን የለም፤ ፎስፈረስ ከሌለ የዘር መረጃ የሚይዘው ዲኤንኤ የለም። መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም ያለ እነሱ ተክሉ አያድግም። ሆኖም ኃይል አይገኝባቸውምና ምግብ ሊባሉ አይገባም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስሕተት አለ፦ ተክል የሚያወጣው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነጠለ ነው የሚል። እ.ኤ.አ. በ1941 ተመራማሪዎቹ ሳሙኤል ሩበን፣ ማርቲን ካመንና ባልደረቦቻቸው ከባድ የኦክስጅን አቶም የያዘ ውሃ ለአልጌ ሰጥተው የሚወጣውን ጋዝ መረመሩ። ኦክስጅኑ የመጣው ከውሃው ነበር።

"ተክል ቀን ብርሃን አስተጻምሮ፣ ሌሊት እስትንፈሳ ያካሂዳል"

እስትንፈሳ ሌት ተቀን አይቋረጥም። ቀን ላይ የማይታየው፣ ቅጠሉ የሚያወጣው ኦክስጅን ከሚጠቀመው ስለሚበልጥ ብቻ ነው። ሥር ደግሞ ከመሬት በታች ብርሃን ስለማያገኝ ዘወትር የሚኖረው በእስትንፈሳ ነው። ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ብዙ ተክል የሚሞተውም ሥሩ ኦክስጅን ስለሚያጣ ነው። እስትንፈሳ ሲባል አየር ማስገባትና ማስወጣት ብቻ የሚመስለውም ብዙ ነው። እዚህ የምንናገረው በህዋስ ውስጥ፣ በተለይ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት የህዋሱ ክፍሎች፣ ከምግብ ኃይል ስለሚወጣበት ሂደት ነው።

"መድኃኒቱን ሰውነቴ ለመደው"

አንቲባዮቲክ መሥራት ሲያቆም የተለወጠው ሰውነት አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ይህን የሚያውቁ ብዙዎችም "ባክቴሪያው ከመድኃኒቱ ለመዳን ብሎ ራሱን ለወጠ" ይላሉ። ይህ ዝግመተ ለውጥን ከመሠረቱ ያዛባል።

ተመራማሪዎቹ ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተሙት ሙከራ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ባክቴሪያዎችን በብዙ ዕቃዎች ለየብቻ ካራቡ በኋላ ባክቴሪያ ለሚገድል ቫይረስ ሁሉንም አጋለጧቸው። መቋቋሙ የሚፈጠረው ከቫይረሱ ጋር በመገናኘት ቢሆን ኖሮ በየዕቃው የሚተርፈው ቁጥር ተቀራራቢ በሆነ ነበር። የታየው ግን ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ አንድም አልተረፈም፣ አንዳንዱ ውስጥ እጅግ ብዙ ተረፈ። ስለዚህ ሚውቴሽኑ (የዲኤንኤው ለውጥ) የተከሰተው ቫይረሱ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ በአጋጣሚ ነው። ቀደም ብሎ በተከሰተበት ዕቃ የተራባው ዘር በዝቶ ቆየ።

አንቲባዮቲክም እንዲሁ መቋቋምን አይፈጥርም፤ ሌሎቹን ገድሎ ተቋቋሚዎቹ እንዲራቡ ቦታ ይለቅላቸዋል። በትውልድ መካከል የሚለወጠው በባክቴሪያዎቹ መካከል ያለው የተቋቋሚዎች ድርሻ ነው። አንድ ግለሰብ በዕድሜው ዝግመተ ለውጥ አያደርግም።

"ዶሚናንት ጂን ማለት በብዛት የሚገኝ ወይም የሚሻል ማለት ነው"

አይደለም። ዶሚናንት መሆኑ የሚናገረው ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ባሕርይው እንደሚታይ ነው። የሀንቲንግተን በሽታ ዶሚናንት ነው፤ ግን ብርቅ ነው። የኦ የደም ዓይነት ሪሴሲቭ (ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ብቻ የሚታይ) ሆኖ ሳለ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ከሌሎቹ ሁሉ ይበዛል።

"የጉበት ህዋስ ያለው የጉበት ጂን ብቻ ነው"

ከጥቂቶች በቀር የሰውነት ህዋሶች ሙሉውን ዲኤንኤ ይይዛሉ፤ የሚለያዩት በውስጣቸው በሚሠሩት ጂኖች ነው። ተመራማሪው ጆን ጉርደን ከእንቁራሪት ጫጩት የአንጀት ህዋስ ኒውክለሱን (ዲኤንኤውን የሚይዘውን ክፍል) አውጥቶ፣ የራሱ ኒውክለስ እንዳይሠራ በተደረገ የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ከተተው። የአንጀት ህዋስ የነበረው ኒውክለስ ሙሉ ጫጩት ለማሳደግ በቃ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን የኖቤል ሽልማት ያገኘበት በ2012 ነው።